በጉ የአስም ክኒን በላ፤ ኩላሊቱን ያሳደገው እሱ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ለበዓል የሚሸጥ በግ ያደልባል። አንድ ነጋዴ «የአስም ክኒን ፈጭተህ ከፉርሽካ ጋር ብትቀላቅልላቸው ሥጋ በሥጋ ይሆናሉ» ብሎ መከረው። እሱም ለሦስት የመንዝ ሙክቶች ሰጣቸው። አንዱ እቤት ታርዶ ሲከፈት አንደኛው ኩላሊት የሌላውን እጥፍ ሊያክል ምንም አልቀረውም። ዩኒቨርሲቲ የምትማር እህቱ ደግሞ «አድሬነርጂክ መድኃኒቶች በአይጥ ላይ የኩላሊት ሴል ዕድገትን ይለውጣሉ» የሚል ነገር አንብባ አስደነገጠችው። «ዶክተር፣ ኩላሊቱን ያሳደገው መድኃኒቱ ነው ወይ? ሥጋው ይበላል? የቀሩትን ሁለቱንስ ምን ላድርጋቸው?» ይላል።

ወንድሜ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ኩላሊቱን ያሳደገው ክኒኑ አይደለም። ይህን የምልህ ለክኒኑ ጥብቅና ቆሜ አይደለም፣ ገና እወርድበታለሁ። የምልህ ኩላሊቶቹ ሁለት ስለሆኑ ነው። በአፍ የገባ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ያልፋል፣ ደም ደግሞ ለቀኝና ለግራ ኩላሊት አያዳላም፣ ለሁለቱም ያደርሳል። ክኒኑ ኩላሊት የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባደጉ ነበር። አንዱ ብቻ ሲተልቅ ምክንያቱ የሚፈለገው እዚያው አካባቢ ነው፤ በኩላሊቱ፣ በጓደኛው ወይም ከሱ በሚወርደው ቱቦ ላይ።

እህትህን ግን እንዳትቀልድባት። ያነበበችው ነገር እውነት ነው፣ ችግሩ እውነቱ ረዘም ያለ መሆኑ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከጫጫም ከመሐል ሜዳም የሚልኩልኝ ስላሉ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ሻይ ይዘህ አንብበው።

አድሬናሊን ከየት እንደሚመጣ አንተ በዓይንህ አይተኸዋል፣ ስሙን ሳታውቀው ይሆናል እንጂ። በግ አርደህ ኩላሊቱን ከሞራው ስትፈለቅቅ፣ አጠገቡ ሞራ ውስጥ የተቀበረች ጠንከር ያለች ትንሽ ዕጢ አለች። ብትሰነጥቃት ዳር ዳሯና መሐሏ መልካቸው ይለያያል። አድሬናሊን የሚሠራው መሐሏ ነው። ጅብ ሲሸተው በጉ ልቡ የሚደልቀውና ዓይኑ የሚፈጠው ከሷ በሚለቀቀው ነው። ወንድሙ ኖርአድሬናሊን ደግሞ በአብዛኛው ከነርቭ ጫፍ ይወጣል፣ ኩላሊትም እነዚህ ነርቮች በብዛት ከሚገቡባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን የሚመስሉ ወይም ሥራቸውን የሚያግዱ መድኃኒቶች ሁሉ አድሬነርጂክ ይባላሉ። ነጋዴው የመከረህ ክኒን፣ ሳልቡታሞል ማለት ነው፣ ከዚህ ቤተሰብ ነው። ለሰው ልብና ደም ግፊት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎልም ከዚሁ ነው፣ እሱ ግን አጋጅ ነው። እኛ ከብት ለማደንዘዝ የምንወጋው ዛይላዚንም ከዚሁ ነው።

አንድ ቤተሰብ ይሁኑ እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። በ1948 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሬይመንድ አልክዊስት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ያው አንድ ኬሚካል አንዱን ጡንቻ አኮማትሮ ሌላውን የሚያላላበትን ምክንያት ሲፈልግ፣ ሴሎች ላይ ኬሚካሉ የሚያርፍበት ሁለት ዓይነት ተቀባይ መኖር አለበት አለና አልፋና ቤታ ብሎ ጠራቸው። ዛሬ ቆጠራው 9 ደርሷል፤ አልፋ 1 ሦስት ዓይነት፣ አልፋ 2 ሦስት ዓይነት፣ ቤታም ሦስት። ኩላሊት ውስጥ አልፋ 1 የደም ሥሩን ያጠባል፣ ጨውም ወደ ደም እንዲመለስ ይገፋፋል። ቤታ 1 ሬኒን የሚባለውን፣ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገውን ሰንሰለት የሚያስጀምረውን ነገር ያስለቅቃል። ሳልቡታሞል የሚያነጣጥረው ቤታ 2 ላይ ነው።

ስለ አልፋ 2 ሳላወራ ባልፍ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም በሱ የተነሳ በየገጠሩ እንወቀሳለን። ዛይላዚን የተወጋች ላም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽንቷን ደጋግማ ትለቀዋለች። ባለቤቱም «ኩላሊቷን በጠሳችሁት!» ብሎ ይጮሃል። ኩላሊቷ ደህና ነው። መድኃኒቱ ሽንት የሚቆጥበውን የአንጎል ሆርሞን ስለሚቀንስና የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ነው ውሃው የሚበዛው፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ እሱም ያቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ከላይ ከጠራኋቸው ሥራዎች ውስጥ «ተባዛ፣ እደግ» የሚል ትዕዛዝ የለም። አድሬናሊንና ዘመዶቹ ለኩላሊት ሴል እንደ ጅራፍ ድምፅ ናቸው፤ ቀንበር ላይ ያለ በሬ ሲሰማው እርምጃውን ያፈጥናል፣ መስክ ላይ የተኛ በሬ ግን ቀና ብሎ አይቶ ማመንዠኩን ይቀጥላል። ሴሉ አስቀድሞ ምን እየሠራ ነበር የሚለው ነው ውጤቱን የሚወስነው። የጤነኛ ሙክት የኩላሊት ሴሎች ደግሞ የተኙ በሬዎች ናቸው፣ ከመቶ ውስጥ በአንድ ቅጽበት የሚባዛ ብታገኝ ብርቅ ነው።

ይህን ከማሳየቴ በፊት «አደገ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ፣ ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ኩላሊት በሦስት መንገድ ሊተልቅ ይችላል። ሴሎቹ በቁጥር ሲበዙ፣ ቁጥራቸው ሳይጨምር እያንዳንዳቸው ሲወፍሩ፣ ወይም ደግሞ ሴሉ ምንም ሳይሆን ውሃ፣ ደም ወይም ጠባሳ ሲሞላው። ሚዛን ሦስቱን አይለይም። ስለዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴል ሲባዛ ዲኤንኤ መሥራት አለበት በሚል፣ ምልክት የተደረገበት የዲኤንኤ ጥሬ ዕቃ ለእንስሳው ይሰጡና ስንት ሴል እንደወሰደው ይቆጥራሉ። ከፕሮቲኑና ከዲኤንኤው መጠንም ያወዳድራሉ፤ ፕሮቲኑ ጨምሮ ዲኤንኤው ካልጨመረ ሴሉ ወፈረ እንጂ አልበዛም ማለት ነው። እህትህ ጽሑፉን መልሳ ስታነብ «የትኛውን ለኩ?» ብላ ትጠይቅ።

የመድኃኒቶቹ ጉልበት ጎልቶ የሚታየው ገና በተወለዱ አይጦች ላይ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። አይጥ ስትወለድ የኩላሊቷ ግንባታ አላለቀም፣ ኔፍሮን የሚባሉትን የማጣሪያ ክፍሎች ከተወለደች በኋላም አንድ ሳምንት ያህል መሥራቷን ትቀጥላለች። ያን ጊዜ ሴሎቹ በሙሉ ሩጫ ላይ ናቸው፣ እየተባዙም እየበሰሉም ነው፣ ከነርቭ የሚመጣው ኖርአድሬናሊንም «መባዛቱን ተውና ሥራህን ተማር» ከሚሉት ምልክቶች አንዱ ነው። ቤታን የሚነካ መድኃኒት በነዚያ ቀናት ሲሰጣት የዲኤንኤው ሥራ ይለወጣል፣ አቅጣጫው ግን እንደ ዕድሜውና እንደ አካሉ ይለያያል። ልብ በል፣ «መድኃኒቱ ያሳድጋል» የሚል ቀጥ ያለ መልስ እዚህም አይገኝም። ሊያዘገይም ይችላል።

በግስ? በግ እዚህ ላይ ከአይጥ ይለያል፣ ለኛ ዋናው ነጥብም ይሄ ነው። ግልገል እናቱ ሆድ ውስጥ የሚቆየው አምስት ወር ግድም ነው፣ ኔፍሮኖቹን ሠርቶ የሚጨርሰው ደግሞ ከመወለዱ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሲወለድ ያለው ኔፍሮን ዕድሜ ልኩን የሚኖረው ነው፣ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሰውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በአራስ አይጥ የታየን ነገር አምጥቶ የዓመት ሙክት ላይ መለጠፍ አይሆንም፣ የእህትህ ስህተት ካለ እሱ ብቻ ነው።

ግልገል ካነሳን አይቀር፣ ኖርአድሬናሊን ኩላሊት አጠገብ ተአምር የሚሠራበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም የኛ አገር ብርድ ነው። መንዝ ውስጥ ሌሊት ተወልዶ እርጥብ እንደሆነ ውርጭ ላይ የወደቀ ግልገል እንዴት ይተርፋል? ኩላሊቱን የከበበው ስብ ያንተ ሙክት ላይ እንዳየኸው ነጭ ሞራ አይደለም፣ ቡናማ ስብ ነው፣ ሥራውም ነድዶ ሙቀት መስጠት ነው። ብርዱ ሲነካው ነርቮቹ ኖርአድሬናሊን ያፈሱበትና ስቡ ይቀጣጠላል። በብርድና በረሃብ የሞተ ግልገል ስንከፍት ሌላ ቦታ ሳንሄድ መጀመሪያ የምናየው እዚያ ነው፤ ኩላሊቱ ራቁቱን ቀርቶ፣ ስቡ የነበረበት ቦታ ላይ ቀላ ያለ ዝልግልግ ነገር ብቻ ካገኘን፣ ያለውን ሁሉ አንድዶ ጨርሶ ነው የሞተው፣ እንገር አላገኘም ማለት ነው። ወተት ጠግቦ በሌላ ምክንያት የሞተው ላይ ግን ስቡ አለ። እና ይገርምሃል፣ አይጦች ብርድ ውስጥ ሲቀመጡ የዚህ ስብ እናት ሴሎች በኖርአድሬናሊን ትዕዛዝ በቤታ 1 በኩል ይባዛሉ። አየህ፣ አድሬነርጂክ ምልክት ሴል የሚያባዛበት ቦታ አለ። ስብ ላይ አለ፣ የጎልማሳ ኩላሊት ላይ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሌላም አለ። አይሶፕሮተሬኖል የሚባለውን የቤታ መድኃኒት ደጋግመው ለአይጥ ሲሰጧት የምራቅ ዕጢዋ አብጦ በጣም ይተልቃል፣ ሴሎቹም ይወፍራሉም ይባዛሉም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ልቧም ይወፍራል። አንድ መድኃኒት፣ አንድ ደም፣ የተለያየ ውጤት።

ኩላሊት ውስጥ ራሱ ይህ ልዩነት ፍንትው ብሎ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ኩላሊት ላይ ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ፣ ኩላሊቱ በውሃ ከረጢቶች ይሞላል፣ ሰው ላይም ድመት ላይም ይታያል፣ በተለይ የፋርስ ድመት ላይ። ቤታ ተቀባይ ሲነካ ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል መልእክተኛ ይጨምራል። ይህ መልእክተኛ በጤነኛ የኩላሊት ቱቦ ሴል ውስጥ ሲጨምር መባዛትን ያቀዘቅዛል። ከከረጢቱ ግድግዳ በተወሰደ ሴል ውስጥ ሲጨምር ደግሞ ያባዛል! ያው ምልክት፣ ተቃራኒ ውጤት። ምክንያቱ የታመመው ሴል ውስጥ ያለው ካልሲየም ዝቅ ማለቱ ነው፣ ካልሲየሙ ሲቀንስ የመባዛቱ መንገድ ላይ የነበረው ፍሬን ይለቃል። ይህን እንዴት አረጋገጡ ብትለኝ፣ ጤነኛውን ሴል ካልሲየም ሲያሳጡት እሱም እንደ በሽተኛው መባዛት ጀመረ፣ በሽተኛው ላይ ካልሲየሙን ሲመልሱለት ደግሞ ተረጋጋ። እኔ በዚህ ዘርፍ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያሳመነኝ የለም። መድኃኒቱን ብቻ ይዞ «የኩላሊት ሴል ያሳድጋል ወይስ አያሳድግም» ብሎ መከራከር ለምን ከንቱ እንደሆነ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ። በ1970ዎቹ ድንገተኛ የኩላሊት መድከምን ለማጥናት ኖርአድሬናሊንን በቀጥታ ወደ ውሻ የኩላሊት ደም ሥር ለ40 ደቂቃ ያህል ያንጠባጥቡ ነበር። የደም ሥሩ ይጨመደዳል፣ ደም ይቋረጣል፣ የቱቦው ሴሎች ይሞታሉ። ከዚያስ? በሕይወት የተረፉት ሴሎች ቅርጻቸውን ለውጠው፣ ወደ ልጅነታቸው ተመልሰው፣ የተራቆተውን ቦታ ለመሸፈን በፍጥነት መባዛት ይጀምራሉ። የኩላሊት ቱቦ ይህን ይችልበታል፣ ጎበዝ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው እንዲህ ዓይነት ጉዳት ደርሶ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚባዙትን ሴሎች ቆጥሮ «አድሬነርጂክ መድኃኒት የኩላሊት ሴል አባዛ» ቢል ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ድምዳሜው ግን ገደል ይገባል። ያባዛው ቁስሉ ነው። መድኃኒቱ ቁስሉን ነው ያመጣው።

ከቁስል በኋላ የሚሰጥ መድኃኒትም ተሞክሯል። ፎርሞቴሮል የሚባል፣ ከሳልቡታሞል ጋር አንድ ወገን የሆነ ግን ረጅም ጊዜ የሚሠራ የአስም መድኃኒት፣ የኩላሊታቸው ደም ተቋርጦ ለተለቀቀላቸው አይጦች ጉዳቱ ከደረሰ ከአንድ ቀን በኋላ ሲሰጣቸው ኩላሊታቸው ካልተሰጣቸው በተሻለ አገግሟል። ግን በማባዛት አይደለም። ሴሉ ውስጥ ጉልበት የሚያመርቱትን ሚቶኮንድሪያ በማደስ ነው። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ለደከመ ኩላሊት የአስም ክኒን» የሚል ሰው እንዳይነሳ እለምናለሁ፣ የአይጥ ሥራ ነው፣ መጠኑም ጊዜውም የተሰላ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ኖርአድሬናሊን ሲበዛ የሚያድግ ነገር አለ፣ እሱም ጠባሳ ነው። አይጥ ላይ ከአንዱ ኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ያስሩታል። ሽንቱ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱ ይነፋል፣ ቀስ በቀስ ሥጋው በጠባሳ ይተካል። በ2013 የወጣ ሥራ ላይ የዚያን ኩላሊት ነርቮች አስቀድመው ሲቆርጡ ጠባሳው በጣም ቀነሰ፣ ነርቭ የሌለው ኩላሊት ላይ ኖርአድሬናሊን ሲያፈሱበት ጠባሳው ተመለሰ። ከዚያ በፊትም፣ በ2000፣ አብዛኛው ኩላሊታቸው የተወሰደ አይጦች ላይ የነርቩን ጩኸት የሚቀንስ ሞክሶኒዲን የሚባል መድኃኒት በትንሽ መጠን፣ የደም ግፊታቸውን ሳይነካ፣ የማጣሪያዎቹን ጠባሳ እንደሚቀንስ ታይቶ ነበር። ስለዚህ «አድሬነርጂክ» ስንል የሚያግዱትም እንዳሉበት አትርሳ፣ ለታመመ ኩላሊት የተሻለ ነገር የታየው ብዙውን ጊዜ ከነሱ ወገን ነው።

ብርጭቆ ሳህን ላይ ስለሚያድጉ ሴሎች ብዙ አልልም። በብዛት የሚሠራባቸው አንዱ ዘር በ1958 ከአንዲት ውሻ ኩላሊት ተወስዶ እስከ ዛሬ እየተባዛ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ሴል ለጥያቄ ጥሩ ነው፣ ለመልስ ግን እኔ አልቸኩልም። ማቆም የተሳነው ሴል ላይ «መድኃኒቱ አባዛው» ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ አንተ ኩላሊት እንመለስ። ሁለት ነገር ነው የምጠረጥረው፣ ለመለየትም ቢላዋና ዓይን ይበቃል።

የመጀመሪያው፣ ትልቁ ጤነኛ ሆኖ በሽተኛው ትንሹ ሊሆን ይችላል። አንዱ ኩላሊት ከጽንሱ ጀምሮ ሳያድግ ቀርቶ ወይም በቆየ ኢንፌክሽን ጠባሳ ይዞ ከሆነ ሌላው ድርሻውን ይወስድና ይፈረጥማል። አይጥ ላይ አንዱን ኩላሊት ሲያወጡት የቀረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይከብዳል። ጎልማሳው ላይ ይህ በአብዛኛው በመወፈር ነው፣ ልጅ ሲሆን ነው መባዛቱ የሚበረታው፣ ኔፍሮን ግን በሁለቱም አይጨመርም። ትልቁን ለሁለት ስትሰነጥቀው የውጪው ጠርዝ ወፍራምና መልኩ አንድ ዓይነት፣ መሐሉም ጥብብ ያለ ከሆነ፣ ትንሹ ደግሞ ሸካራ፣ የተጨማደደ፣ ስስ ሽፋኑ አልላቀቅ ብሎ ሥጋ ይዞ የሚወጣ ከሆነ ነገሩ ይሄ ነው። የበግ ኩላሊት እንደ ከብት የተከፋፈለ አይደለም፣ ለስላሳ ነው መሆን ያለበት፣ ስለዚህ ጉድጓድና ስርጉድ ካየህበት በሽታ ነው።

ሁለተኛው፣ ትልቁ ራሱ በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ስትሰነጥቀው ውሃ ፈስሶ፣ መሐሉ እንደ ከረጢት ክፍት ሆኖ፣ ሥጋው ዳር ላይ ሳስቶ ከቀረ ቱቦው ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። ከላይ የነገርኩህን የታሰረ ቱቦ አይጥ አስታውስ፣ ያው ነው፣ ያንተን በግ ያሰረው ግን ተመራማሪ ሳይሆን ጠጠር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ፉርሽካውን እጠረጥረዋለሁ። ፉርሽካ ፎስፎረሱ የበዛ ካልሲየሙ ያነሰ ነው፣ ሙክት ደግሞ ገና ጠቦት ሳለ ከተኮላሸ የሽንት መውጫው ጠባብ ሆኖ ይቀራል፣ በዚያ ላይ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ጠዋት ውሃው እንደ በረዶ ስለሚሆን አይጠጡትም። ጠጠር የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከታች መውጫው ላይ ቢዘጋ ፊኛው ይወጠራል፣ ሁለቱም ኩላሊት ይጎዳል፤ አንዱ ብቻ ከተነፋ ግን መዘጋቱ ከፍ ብሎ በዚያ ወገን ቱቦ ላይ ነው።

አሁን ስለ ክኒኑ ልውረድብህ። የቤታ መድኃኒቶች እውነትም የበግን ጡንቻ ያሳድጋሉ፣ ክሌንቡቴሮልና ዘመዶቹ በዚህ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቁ ናቸው፣ ጡንቻው የሚያድገውም ክሮቹ ወፍረው እንጂ በዝተው አይደለም። ነጋዴው ያልነገረህ ግን እነዚሁ መድኃኒቶች ስቡን ያቀልጡታል። ለበዓል የሚመጣ ገዢ ምን ይጨብጣል? ላቱንና ወገቡን። ገንዘብ አውጥተህ ላቱን ልታቀልጥ ማለት ነው እንግዲህ። የልብ ምቱን ማፍጠኑን፣ በጉን ማንቀጥቀጡን፣ ሳይታሰብ መሞቱንም ጨምርበት፣ የሰውን ክኒን በእፍኝ ፉርሽካ ውስጥ አንዱ ብዙ አንዱ ምንም ሳይደርሰው ነው የሚበሉት።

ሥጋው ላይ ከጠየቅከኝ፣ ኩላሊቱን አላሳደገውም አልኩህ እንጂ ኩላሊት ውስጥ አልነበረም አላልኩህም። እነዚህ መድኃኒቶች ከሰውነት ሲወጡ በጉበትና በኩላሊት በኩል ነው፣ እዚያም ይጠራቀማሉ። ራክቶፓሚን ለሚባለው ዘመዳቸው የዓለም የምግብ ደረጃ ጉባኤ ኮዴክስ በ2012 ለከብትና ለአሳማ ወሰን ሲያወጣ ለአንድ ኪሎ ሥጋ 10 ማይክሮግራም፣ ለጉበት 40፣ ለኩላሊት ደግሞ 90 አድርጎታል፣ ከዚሁ የት እንደሚሰበሰብ ትረዳለህ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለማድለቢያ እንዳይሰጡ በ1996 ከልክሏል። ስፔን ውስጥ በ1990 ክሌንቡቴሮል የበላ ከብት ጉበት በልተው ከ100 በላይ ሰዎች ልባቸው እየደለቀ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ታመዋል፣ መቀቀሉም አላዳናቸውም። እኛ ደግሞ ዱለት የምንሠራው ከምን እንደሆነ አልነግርህም። ከታረደው በግ ጉበቱና ኩላሊቶቹ ካልተበሉ አይበሉ፣ የታመመ ኩላሊት ስለነበረው ደግሞ ሥጋውን ለስጋ ተቆጣጣሪ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሳታሳይ ለሰው አትስጥ። የበላ ሰው ልቡ ከደለቀ ወይም ከተንቀጠቀጠ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ክኒን ተሰጥቶት እንደነበርም ሳያፍር ይናገር።

የቀሩት ሁለቱ ክኒኑን ዛሬውኑ ያቁሙ። ክኒኑ ለሰው ስለተሠራ ከስንት ቀን በኋላ በጉ ይታረድ የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም፣ ስለዚህ ለዚህ በዓል አትሽጣቸው፣ ለሚቀጥለው ያድርሱ። ፉርሽካውን ቀንስና ድርቆሹን ጨምር፣ አሞሌ ጨው አስልሳቸው፣ ውሃውን ጠዋት ለብ አድርገህ አቅርብላቸው፣ ለመኖ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካገኘህም ምን ያህል እንደሚገባ ሐኪሙን ጠይቀህ ጨምርበት። ከዚያ ሲሸኑ ቆመህ እያቸው። ሽንቱ ጠብ ጠብ ካለ፣ ጀርባውን ጎብጦ ካማጠ፣ ጭራውን እያወዛወዘ ሆዱን ዞሮ ካየ፣ ወይም የብልቱ ጫፍ ፀጉር ላይ ደረቅ አሸዋ የመሰለ ነገር በእጅህ ከተሰማህ ለነገ አትበል፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጥራ። እነዚያን ሁለት ኩላሊቶች ካልጣልካቸው ደግሞ በርዝመታቸው ሰንጥቀህ ጎን ለጎን አድርገህ፣ ማስመሪያ አጠገባቸው አስቀምጠህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እነግርሃለሁ።